ያውቁ ኖሯል? ምክር ቤቱ ሳሎንዎ ድረስ መጥቷል!

የምክር ቤት ስብሰባ አሰልቺ ነው ያለዎት ማን ነው? ሻይዎን ይዘው ይቀመጡ! ስለ ውሃ መስመር፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳና ስለ መንገድ ጉድጓድ የሚመክሩ ሰዎች ካሜራ ፊት ሲቀመጡ የሆነውን ጉድ ይስሙ! ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? የፓርላማ ክርክርን በመደበኛነት በሬዲዮ በማሰማት ዓለምን የቀደመችው ትንሿ ኒውዚላንድ ናት! ጊዜው ማርች 1936 ነበር። በግ አርቢው ከእርሻው ንቅንቅ ሳይል የሚኒስትሩን ሙግት በገዛ ጆሮው ሰማ!

የእንግሊዝ ፓርላማ ግን ካሜራ ፈራ! በ1966 የታችኛው ምክር ቤት «ቴሌቪዥን ይግባ ወይስ አይግባ?» ብሎ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱን ይገምቱ! 130 ለ131! በአንድ ሰው ድምፅ ካሜራው ውጭ ቀረ። ደጅ የጠናው ስንት ዓመት ነው? 23!

በኖቬምበር 1989 ካሜራው በመጨረሻ ሲገባ የመጀመሪያውን ንግግር ማን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኢያን ጎው! አዎ፣ ቴሌቪዥን እንዳይገባ ሲቃወሙ የነበሩት እንደራሴ! «መልክዎን እናሳምርልዎ» የሚል ደብዳቤ ከአንድ ድርጅት ደርሷቸው ነበርና እሱኑ ለምክር ቤቱ አወሩ። ራሰ በራ ነበሩ!

የላይኛው ምክር ቤት፣ የሎርዶቹ፣ በአምስት ዓመት ገደማ ቀድሟል! በጃንዋሪ 1985 ካሜራው በገባበት ቀን ተነሥተው ከተናገሩት አንዱ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ነበሩ። ዕድሜያቸው 90! ወጣቶቹ የፈሩትን አዛውንቶቹ ደፈሩ!

የቀረጻው ደንብስ? አዳራሹ ውስጥ ግርግር ከተነሣ ካሜራው ፊቱን ወደ አፈ ጉባኤው እንዲያዞር ታዘዘ! ጠቡን ይሰማሉ፣ የሚያዩት ግን አፈ ጉባኤውን ብቻ ነው! ምስሉን ለቀልድ ማዋልም ክልክል ነው። በ2011 የአንድ ታዋቂ የአሜሪካ ቀልድ ዝግጅት አንድ ክፍል በዚሁ ሰበብ እንግሊዝ ውስጥ ሳይታይ ቀርቷል!

ወደ አሜሪካ ይሻገሩ! የኮንግረሱን ውሎ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል የሚያሳየው ሲ-ስፓን ማርች 19 ቀን 1979 ሲጀምር ሠራተኞቹ አራት ብቻ ነበሩ! በዚያ ቀን በቴሌቪዥን መጀመሪያ የተናገረው የ30 ዓመቱ ወጣት እንደራሴ አል ጎር ነው፤ ኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው! የጣቢያውን ወጪ የሚችለው መንግሥት ይመስልዎታል? አይደለም፤ የኬብል ኩባንያዎቹ ናቸው!

በ1984 አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ተናደዱ። ተቃዋሚዎቻቸው ካሜራው ፊት ቆመው በኃይል ይናገራሉ፤ ተመልካቹ አዳራሹ ጢም ብሎ የሞላ ይመስለዋል። «ካሜራው ዞር ይበል!» አሉ። ካሜራው ዞረ። አዳራሹ ባዶ! ንግግሩ ሁሉ ለወንበሮቹ ነበር!

እስካሁን ያየነው የትልልቆቹን ነው። እውነተኛው ድንቅ ያለው ከታች ነው፤ እንደኛ ወረዳና ቀበሌ ባለው ደረጃ!

ያውቁ ኖሯል? በ1968 ቨርጂኒያ ውስጥ ዴል ሲቲ በምትባል የመኖሪያ ሰፈር ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚመሩት የኬብል ቻናል ተከፈተ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራ፤ አንድም ማስታወቂያ አላሳየም!

በ1972 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ለትልልቆቹ 100 የገበያ አካባቢዎች አዲስ ደንብ አወጣ። የኬብል ኩባንያ አንድ ቻናል ለሕዝቡ፣ አንድ ለትምህርት፣ አንድ ለአካባቢው መስተዳድር ይተው! ከንቲባው የራሱ ቻናል ሊኖረው ነው!

ደስታው ግን ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ! ኤፕሪል 2 ቀን 1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሻረው። ቀኑን ልብ ይበሉ! ሲ-ስፓን ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው! ለዋና ከተማው በር ሲከፈት ለሰፈሩ ተዘጋ!

በ1984 በሩ እንደገና ተከፈተ! አዲሱ ሕግ ከተሞች ከኬብል ኩባንያው ጋር ሲዋዋሉ ቻናል እንዲጠይቁ ፈቀደ። ከኬብል ገቢውም እስከ 5 ከመቶ ማስከፈል ይችላሉ! የኬብል ገመድ መንገዳቸውን ቆፍሮ አይደል የሚያልፈው? ዛሬ ሰዉ ኬብሉን እየተወ ፊልሙን በኢንተርኔት ሲያይ የዚያ 5 ከመቶ ምንጭ እየደረቀ ነው። እጅግ ያሳዝናል! በዚያ ገንዘብ ነው የብዙ ከተሞች ካሜራና ማይክ የተገዛው!

ኢንተርኔት ሳይመጣ የአንዱ ጣቢያ ቅጂ ወደ ሌላው እንዴት ይሄድ ነበር? በካሴት! በፖስታ፣ በመኪና፣ በእጅ! ባለሙያዎቹ ይህን አሠራር «ብስክሌት መንዳት» ይሉታል። ስሙ የመጣው የፊልም ጥቅል ከአንዱ ሲኒማ ቤት ወደ ሌላው በብስክሌት ሲመላለስ ከነበረበት ዘመን ነው! ከሁሉም የወደድኩት ቃል ይህ ነው።

አሁን ሬዲንግ ላይ ትንሽ እንቆይ! ፔንሲልቫኒያ፣ 1976። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዚች ከተማ አንድ ሙከራ አደረጉ። አዛውንቶች የሚሰባሰቡባቸውን የሰፈር ማዕከላት በሁለት አቅጣጫ በሚሠራ ኬብል ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር አገናኙ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ! በአንዱ ግማሽ ከንቲባው፣ በሌላው ግማሽ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡ አያቶች! ይጠይቃሉ፤ ይመልሳል። መልሱ ካላረካቸው ደግመው ይጠይቃሉ፤ ማምለጫ የለም፣ ፊቱ ይታያል! ዙም ከመፈጠሩ ከ30 ዓመት በላይ ቀድመው! ቴክኒኩን ያንቀሳቅሱ የነበሩት እነማን ይመስሉዎታል? ከአዛውንቶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው! ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ጣቢያው ግን ቀረ። እስከ ዛሬም አለ!

ሁለት ዓመት ቆይቶ ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ! ኪዩብ በሚባለው የኬብል አገልግሎት ተመልካቹ አምስት የመልስ ቁልፎች ያሉት መሣሪያ ሶፋው ላይ ነበረው። በ1978 አፐር አርሊንግተን የምትባል ከተማ የፕላን ኮሚሽን ስብሰባዋን በዚሁ አካሄደች። ኮሚሽኑ ይጠይቃል፤ ነዋሪው ከሳሎኑ ቁልፍ ይጫናል! ውጤቱ ወዲያው ይደመራል!

ሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ፣ 1989! ከተማዋ ነዋሪው ከምክር ቤት አባላቱ ጋር በኮምፒውተር የሚጻጻፍበት መረብ ዘረጋች። ኮምፒውተር የሌለው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማል። በሩን ካንኳኩት መካከል እነማን ነበሩ? ቤት የሌላቸው ሰዎች! «ሥራ ለመፈለግ ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያና ዕቃ ማስቀመጫ ያስፈልገናል» ብለው ጻፉ። ሌሎቹ ነዋሪዎች አብረዋቸው ቆሙ፤ ጥያቄው ወደ ሥራ ተለወጠ! ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው አጀንዳ አስያዘ!

ያውቁ ኖሯል? በ2011 ዌልስ ውስጥ አንዲት ሴት የምክር ቤት ስብሰባ በስልኳ ስትቀርጽ ፖሊስ መጥቶ በካቴና ወሰዳት! የተቀመጠችው ለሕዝብ በተፈቀደው ቦታ ነው! አሁን ይያዙኝ! ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ በ2021፣ ዌልስ አዲስ ሕግ አወጣች። ትልልቆቹ የአካባቢ ምክር ቤቶች ሙሉ ጉባኤያቸውን በቀጥታ የማሰራጨት ግዴታ አለባቸው! በካቴና ያስያዘው ሥራ የምክር ቤቱ ግዴታ ሆነ!

እንግሊዝም በመሃል ተነቃቃች። ከኦገስት 2014 ጀምሮ ማንም ሰው የአካባቢውን ምክር ቤት ስብሰባ መቅረጽ፣ ስለሱም እዚያው ቁጭ ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ መጻፍ ይችላል! ስልክዎን ማውጣት ነው!

አሁን ወደ ሃንድፎርዝ! እንግሊዝ ውስጥ ቼሻየር በሚባለው አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ማታ የአካባቢው ምክር ቤት በዙም ተሰበሰበ። ስክሪኑ ላይ ፊቶች ተደርድረዋል። የአንዷ ሳጥን ስም «የጁሊ አይፓድ» ይላል! አንዱ በመሃል ስልክ ያነሣል። ሰብሳቢው «ይህ ስብሰባ ሕጋዊ አይደለም» ባይ ናቸው። ስብሰባውን እንዲያግዙ የተጋበዙት ጃኪ ዊቨር ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ያስጠነቅቃሉ። ሰብሳቢው ጦፉ። «እዚህ ምንም ሥልጣን የለሽም፣ ጃኪ ዊቨር! ምንም!» ሴትዮዋ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ሰብሳቢው እልም! ከገዛ ስብሰባቸው ደጅ ተቀመጡ! ሌላ አባል «ደንቡን አንብቢ! አንብበሽም ተረጂ!» እያሉ አምባረቁ። እሳቸውም እልም!

ቪዲዮው ሁለት ወር ያህል ዩቱዩብ ላይ እምብዛም ሳይታይ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ የ17 ዓመት የለንደን ተማሪ አገኘው፤ የምክር ቤት ስብሰባ ማየት የሚወድ ልጅ! በፌብሩዋሪ 2021 ለሰዉ አጋራ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አየው! ጃኪ ዊቨር በዚያው ዓመት መጽሐፍ አሳተሙ!

ወዲያው ደግሞ ምን ሆነ? በሜይ 2021 የዙሙ ስብሰባ በእንግሊዝ ተከለከለ! አገሪቱ በ1972 ያወጣችው ሕግ የምክር ቤት አባል በአካል እንዲገኝ ያዛል፤ ጊዜያዊ ፈቃዱ አበቃ፤ ፍርድ ቤትም አላራዘምም አለ። ተመልካቹ ከቤቱ ማየት ይችላል፤ አባሉ ግን ኮቱን ለብሶ ይምጣ!

በዚያው ዓመት ቴክሳስ ውስጥ ችሎት በዙም ተሰየመ። ጠበቃው ብቅ ሲል ሰው አይደለም፤ ትልልቅ ዓይን ያላት ድመት! የኮምፒውተሩ ማስዋቢያ አልጠፋ ብሎት ነው። «ክቡር ዳኛ፣ ድመት አይደለሁም!» አለ። ዳኛው ምስሉን ራሳቸው ለሕዝብ አወጡት፤ ለሌሎች ጠበቆች እንዲያስተምር!

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ ዛሬ ካሜራ አያስገባም! በሜይ 2020 ግን ክርክሩን በቀጥታ በድምፅ ማሰማት ጀመረ። ገና በሦስተኛው ቀን ምን ተሰማ? በክርክሩ መሃል የመጸዳጃ ቤት ውሃ ሲለቀቅ! የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረም!

ብራዚል ደግሞ ተቃራኒው! ከ2002 ጀምሮ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች እርስ በርስ ሲሟገቱና ድምፅ ሲሰጡ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይታያሉ! ሌላው ዓለም በዝግ በር የሚያደርገውን እነሱ በአደባባይ!

ከችሎት ወደ ምክር ቤት እንመለስ! በ2013 ቴክሳስ ውስጥ ዌንዲ ዴቪስ የተባሉ የክልሉ ሴናተር ሮዝ የስፖርት ጫማ አጥልቀው 11 ሰዓት ያህል ሳይቀመጡ ተናገሩ! በአንድ ጊዜ ከ180,000 በላይ ሰው በኢንተርኔት ተከታተላቸው። ለአንድ ክልል ምክር ቤት ስብሰባ! ሌሊት!

አይስላንድ በ2011 አዲስ የሕገ መንግሥት ረቂቅ የሚያዘጋጅ የ25 ሰዎች ጉባኤ አቋቋመች። ስብሰባቸው በኢንተርኔት በቀጥታ ተላለፈ! ረቂቁ በየጊዜው ይለጠፋል፤ ሰዉ በፌስቡክ ሐሳቡን ይጽፋል!

ስብሰባውን የሚቀርጸው ሰው የት እንዳለ ያውቁ ኖሯል? አዳራሹ ውስጥ ካሜራማን ላያዩ ይችላሉ! ካሜራዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ከጓዳ ያለ አንድ ሰው ሦስቱንም አራቱንም በትንሽ ማንሻ ያዞራቸዋል። አንዱን አባል አቅርቦ ያሳያል፤ ዓይኑ ግን ቀጥሎ ማን እጁን እንደሚያወጣ ይጠብቃል። ያ ሰው ሌሊት ሲወጣ ስለ ከተማው በጀት ከብዙዎቹ ነዋሪዎች የበለጠ ያውቃል!

ከስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍስ? ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሰው ነው! የጣት ተአምር! መሣሪያው 22 ያህል ቁልፎች ብቻ አሉት። ጸሐፊዋ ፊደል በፊደል አትጽፍም፤ እንደ በገና አውታር ብዙውን በአንዴ ትነካለች፤ ድምፁ ቃል ሆኖ ይወጣል። በዚሁ መሣሪያ የሚጽፉ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ለሙያ ማረጋገጫው ፈተና በደቂቃ እስከ 225 ቃላት ይጠየቃሉ! መስማት የተሳነው ነዋሪ ከንቲባው ምን እንዳለ ወዲያው ያነባል።

የአምስት ሰዓት ስብሰባ ውስጥ የሰፈርዎን ጉዳይ እንዴት ያገኙታል? ብዙ ከተሞች ቪዲዮውን ከአጀንዳው ጋር አስረውታል! «የ4ኛ መንገድ ፍሳሽ» የሚለውን ይጫኑ፤ ቪዲዮው ዘልሎ እዚያው ደቂቃ ላይ ይቆማል!

ኒው ዮርክ ከተማ በ2013 ሕግ አወጣች፤ የመስተዳድሩ ክፍት ስብሰባዎች በተቻለ መጠን በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፉ! ቬርሞንት በ2024 ቀጠለች፤ ውሳኔ ሰጪ የሆነ የከተማ አካል ሁሉ ስብሰባውን ይቅረጽ፣ ቅጂውንም ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ ቢያንስ ለ30 ቀን ለሕዝብ ያቆይ! የገጠር መንደር ሳይቀር!

ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ስብሰባ በመታደም ገንዘብ ይከፈላል! ሲቲ ቢሮ የተባለ ድርጅት ተራ ነዋሪዎችን አሠልጥኖ ወደ ሕዝብ ስብሰባዎች ይልካል። የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት ነው። ሥራው ወደ ሌሎች ብዙ ከተሞችም ተዛምቷል! በሰፈሬ ቢጀመር ቀድሜ የምመዘገበው እኔ ነኝ!

ወደ አገር ቤት እንመለስ! ያውቁ ኖሯል? በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ሁለት ባላንጣዎች መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ዳኘን!» ይሉ ነበር! ሸንጎው ዋርካ ስር ነው፤ በር የለው፣ መጋረጃ የለው! መንገደኛው ስንቁን እንደያዘ ዳኛ ሆኖ ቁጭ!

የ1995ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትስ? አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 58 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በግልጽ እንዲካሄድ! በሩን ለመዝጋት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መስማማት አለባቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ ካፌው ጸጥ ሲል አይተው የለ?

እንደገና ወደ አሜሪካ! በካሊፎርኒያ የአካባቢ መስተዳድሮችን በር የከፈተው የ1953ቱ የብራውን ሕግ ነው። መነሻው በ1952 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ በድብቅ ስለሚካሄዱ ስብሰባዎች ያወጣው ተከታታይ ዘገባ! በዚህ ሕግ ስብሰባ ለመግባት ስምዎን እንኳ መናገር አይጠበቅብዎትም! መቅረጽም መብትዎ ነው!

ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ሕግ አወጣች። የአንድ መሥሪያ ቤት ተገልጋዮች ውስጥ 500 ወይም 3 ከመቶ የሚሆኑት አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶች ወደዚያ ቋንቋ ይተርጎሙ! ከተማዋ ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ምን ይመስልዎታል? አማርኛ!

ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በ2002 ያጸደቀው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ 15 አባላት ያሉት፣ ስብሰባው በቻናል 35 የሚታየው!

በእነዚህ ስብሰባዎች ነዋሪው የሚናገርበት ደቂቃ የተቆጠረ ነው። ብዙ ቦታ ሦስት ደቂቃ! መናገሪያው ላይ ትንንሽ መብራቶች አሉ። አረንጓዴ፣ ይናገሩ። ቢጫ፣ ይጠቅልሉ። ቀይ፣ አበቃ! ግን ያውቁ ኖሯል? በ2016 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ይሰጠው ይላል። ሌላው ሦስት ደቂቃ ሲፈቀድለት አማርኛ ተናጋሪዋ እናታችን አስተርጓሚዋን አጠገቧ አቁማ ስድስት ደቂቃ ትናገራለች፤ ካሜራው እያያት!